ለወንድ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ልንጀምር ነው፤ ከምን እንነሳ?

ጥያቄ፦ የፋብሪካዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የፈትልና ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ሃብት ክፍል ነው የምሠራው። አብዛኞቹ ሠራተኞቻችን ሴቶች ናቸው። ለእነሱ የእርግዝና ክትትሉም የማህፀን በር ካንሰር ምርመራውም በየጊዜው ይነሳል፣ ከጤና ጣቢያ እየመጡም ያስተምሯቸዋል። ወንዶቹ ወደ 140 ይሆናሉ፤ መካኒኮች፣ ብሎው ሩም (ጥጥ የሚፈታበትና የሚጸዳበት ክፍል) የሚሠሩ፣ ጫኝና አውራጆች፣ ሾፌሮች፣ ጥበቃዎች። ስለ እነሱ ጤና አስበንም አናውቅ።

ባለፈው ወር አንድ የጥበቃ ሠራተኛችን ሌሊት ፈረቃ ላይ እያለ ወደቀ። 51 ዓመቱ ነው። ስትሮክ ነው ተባለ፣ አሁን አንድ ጎኑ አይንቀሳቀስም። ሆስፒታል ሲደርስ ግፊቱ 210 በ120 ነበር። ባለቤቱን ስጠይቃት "ተለክቶ አያውቅም፣ ራሱን ሲያመው ማስታገሻ ውጦ ነው ወደ ሥራ የሚሄደው" አለችኝ። 14 ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ የሁላችንን መግቢያና መውጫ ሰዓት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የዚያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ በጀት ፈቅደዋል። አንድ ላብራቶሪ ደግሞ "ሙሉ ፓኬጅ" ብሎ ዋጋ አምጥቶልናል፤ የፕሮስቴት የደም ምርመራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ኤችአይቪ፣ ሁሉም አለበት። ምን ምን እናስመርምር? ወንዶቹስ እሺ ይላሉ? አንዱ መካኒክ ከአሁኑ "ሊቀንሱን ነው" እያለ ያስወራል። ውጤቱንስ ማን ይያዘው?

መልስ፦ ነርሷ

አይዞሽ እህቴ፣ ለሰውዬው እግዜር ምሕረቱን ይላክለት። እኔ ጤና ጣቢያ ውስጥ የግፊትና የስኳር ታካሚዎችን ነው የምከታተለው። ፓኬጁን ተዪውና ገንዘቡን ለክትትል አስቀምጪው። ለመጀመሪያ ዓመት ግፊት፣ ስኳር፣ የወገብ ዙሪያ፣ ከዚያ ስለ ሲጋራ፣ ጫትና መጠጥ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ይበቃሻል።

ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። 160 ሆኖ ምንም ሳይሰማው የሚዞር ሰው ሞልቷል። ስለዚህ አለካኩ ላይ አትቸኩሉ። በየድርጅቱ ስንሄድ የማየው ምን መሰለሽ፣ ጆንያ ሲሸከም የነበረ ሰው ከነላቡ ይጠራል፣ እንደቆመ መለኪያው በቱታው እጅጌ ላይ ይጠቀለልበታል፣ 155 ይላል፣ ሰውዬው ይደነግጣል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ቁጭ ይበል። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ እጅጌውን ይሰብስብ፣ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልቡ ትይዩ ይረፍ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም የለም። ሁለቴ ለክታችሁ አማካዩን ጻፉ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ይደገም፤ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ሰውን ግፊት አለብህ አትበሉት። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ ደረቱን ካመመው፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ክንዱ ከዛለ ግን ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ስኳር በባዶ ሆድ ነው፣ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበላ። 126 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ተደግሞ ይረጋገጣል። ከ100 እስከ 125 ያለው ወደ ስኳር እየተጠጋ ያለ ሰው ነው፤ እሱን በጊዜ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ሊመለስ ይችላል። ወገቡ ከ94 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወንድም ቀጭን ነኝ ቢልሽ እንኳ ስኳሩን ለኪው።

የፕሮስቴቱ የደም ምርመራ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ካንሰር ሳይኖርም ከፍ ይላል፤ ዕጢው በዕድሜ ሲያድግ፣ ኢንፌክሽን ሲኖር። የ28 ዓመት ልጅ ላይ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው። ከ55 እስከ 69 ያለ ሰው ጥቅምና ጉዳቱን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ራሱ ይወስን። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ደግሞ ቀደም ብሎ ይጠይቅ። ሽንቱ የሚቆራረጥበት ወይም ደም ያየ ሰው ግን የእናንተን ምርመራ አይጠብቅ፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂድ።

መልስ፦ የሲሚንቶው

ወንዶቹ እሺ ይላሉ ወይ ላልሽው የደረሰብንን ልንገርሽ። በፊት የሠራሁበት ፋብሪካ ይህንኑ አድርጎ ነበር። በቅን ልብ ነው ያደረጉት። ግን ምርመራው ካፌ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ በሰልፍ ሆነ። የምትለካው ልጅ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ ሌላው ይመዘግባል። ጓደኛዬ "መቶ ሰባ በመቶ" ተባለ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀረና "መቶ ሰባ" ሆነ። መድኃኒቱን ሰው ፊት መዋጥ አፈረ፣ ቆየት ብሎም ጨርሶ ተወው። በሚቀጥለው ዓመት "ለምርመራ ኑ" ሲባል ግማሹ ሰው መጋዘን ገብቶ ተደበቀ።

ደግሞ ለሳውዲ ሜዲካል ገብተው "አንፊት" የተባሉ ሁለት ልጆች ነበሩን። ለእነሱ ምርመራ ማለት እንጀራ የሚያስቀር ነገር ነው። መካኒክሽ "ሊቀንሱን ነው" ቢል አትፍረጂበት።

ጫኝና አውራጅ የሚከፈለው በጫነው ልክ ነው። ግማሽ ቀን ጤና ጣቢያ ተሰለፍ ስትይው ያን ቀን ቤቱ ምን ይዞ ይገባል? ሰዓቱን ክፈሉት። ሥራ አስኪያጁም እዚያው ወንበር ላይ መጀመሪያ ይቀመጡና ይለኩ።

መልስ፦ ጠበቃው

በሕጉ በኩል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አዲስ ሠራተኞችንና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን እንደ አስፈላጊነቱ በአሠሪው ወጪ ማስመርመርን ግዴታ ያደርጋል። ኤችአይቪ ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ ከፓኬጁ አስወጡት። ሠራተኛው በራሱ ፍላጎት መመርመር ከፈለገ ጤና ጣቢያ ሄዶ በምስጢር ይመርመር።

ውጤቱ የሰው ሃብት ፋይል ውስጥ አይግባ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው የመደበው። ለሠራተኛው በእጁ በታሸገ ፖስታ ይሰጠው፣ ቅጂው መርማሪው ጤና ተቋም ዘንድ ይቅር። ለእናንተ የሚመጣው ስም የሌለው ድምር ብቻ ይሁን።

ስጋቱን ለማብረድ ይህንንም ንገሯቸው፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ሕመሙን ይደብቃል።

መልስ፦ ትራክ ነጂው ከሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ ከስቴት ስቴት ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ዲኦቲ የሚባለውን የሕክምና ካርድ ሳይዝ መሪ አይጨብጥም። ካርዱ ቢበዛ ለ2 ዓመት ነው። የላይኛው ግፊትህ ከ140 በታች ከሆነ ሙሉውን ታገኛለህ፣ እስከ 159 ለ1 ዓመት፣ ከ160 እስከ 179 ለ3 ወር ብቻ ሰጥተው አስተካክለህ ና ይሉሃል፣ 180 ከደረሰ እስኪወርድ ካርድ የለም። እኔ አንዴ 164 መጥቶብኝ ያውቃል። ቁጥሩ ቢያስደነግጠኝም ቀጥሎ የሚሆነውን ስለማውቅ አልሸሸሁም፣ መድኃኒት ጀመርኩ፣ ጨው ቀነስኩ፣ ወረደ። ስለዚህ እህቴ፣ "ይህን ያህል ከመጣ እንዲህ ይሆናል" የሚለውን ጽፋችሁ ሳትለኩ በፊት ለጥፉላቸው። ሾፌሮቹን ደግሞ ማታ በኃይል ያንኮራፉ እንደሆነ፣ ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ። እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ግፊትንም ያባብሳል፣ መንገድ ላይም ይገድላል።

መልስ፦ ሴፍቲ

ከሥራው የሚመጣውን አትርሱት። ብሎው ሩም ያለው ሰው የጥጥ ብናኝ ነው የሚተነፍሰው። አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ "ሰኞ ሥራ ስትገባ ደረትህን ጭንቅ ያደርግሃል?" የጥጥ ብናኝ ሕመም መጀመሪያ ላይ ከዕረፍት በተመለሱበት ቀን ይብሳል፣ ሳምንቱ ሲገፋ ይቀላል። ሰውየው ብርድ ነው ብሎ ያልፈዋል። አዎ ያለውን ሰው በትንፋሽ መለኪያ የሚያይ ሆስፒታል ላኩት። ሽመና ክፍል የሚሠሩትን ደግሞ ጆሯቸውን አስመርምሩ፤ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ካለፈ ጆሮ ይጎዳል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። አንድ ሜትር ርቀት ላይ ቆመሽ ለመነጋገር ካስጮኸሽ ልኩ አልፏል ብለሽ ያዢው።

የፋብሪካዋ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ወጣቶቹ "የጉበት ቫይረስ እንመርመር" ብለውኛል። ያስኬዳል?

ነርሷ፦

ሄፓታይተስ ቢ እኛ አገር ብዙ ስለሆነ በፈቃዳቸው ከሆነ ጥሩ ነው። ቫይረሱ ያልተገኘበት ክትባቱን ይጀምር፣ 3 ጊዜ ነው፣ በ6 ወር ያልቃል። የተገኘበት ደግሞ ወደ ሐኪም ይላካል እንጂ ሳህኑ አይለይ! አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ይህንን ከምርመራው በፊት አስተምሯቸው።

የፋብሪካዋ ልጅ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሰላም፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ፓኬጁን ተውነው። ከጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረን ሁለት ነርሶች መጡልን። ቦታው የስብሰባ አዳራሹ ጓዳ ነበር፣ በር ተዘግቶ፣ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ። ሰዓቱ ተከፍሏቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ቀድመው ገቡ፤ ሲወጡ ፖስታቸውን ኪሳቸው ከተው "እኔም ሊደገምልኝ ነው" አሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሰማቸው።

በጥበቃዎቹ ነው የጀመርነው። ማን ምን እንደመጣበት አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። የደረሰን ድምር ብቻ ነው፤ ገሚሶቹ በሁለተኛው ቀን ልኬትም ከ140 በ90 በላይ ናቸው። ክትትል እንዲሄዱ በየወሩ ግማሽ ቀን ከነደመወዙ ተፈቅዷል፣ ወረቀቱም ተለጥፏል። ያ "ሊቀንሱን ነው" ያለው መካኒክ መጀመሪያ ቀን አልመጣም። ሐሙስ ዕለት ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋና "ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል ያልሽው ነገር፣ የት ነው የሚታየው?" አለኝ። ለማክሰኞ ቀጠሮ አስይዘንለታል።