ፍጥነት ይቅደም ወይስ ዝግጅት?

ባለሱቁ፦ ጎበዝ፣ እስቲ ፍረዱኝ። እዚህ ሜሪላንድ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀሻ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ የ16 ሰዓቱን ሥልጠና ጨርሼ ነው። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ መተኮሻ ቦታ እሄዳለሁ። ታይመሩ ሲጮህ መዝዤ ከ7 ያርድ ስድስት ጥይት እተኩሳለሁ። ከአምስት ሰከንድ ወደ ሦስት ተኩል ወርጃለሁ። ባለቤቴ "ገንዘቡንም ጊዜውንም ጨረስከው" ትላለች። እኔ ደግሞ ማታ ሱቅ የምዘጋው ብቻዬን ነው። ተሳሳትኩ?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል፣ እኔም የማታ ሠራተኛ ነኝ። ግን ሱቅህ ውስጥ ቱርኒኬት፣ ማለትም እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ ታስሮ ደም የሚያቆም ማሰሪያ፣ አለ? የእግር ትልቅ ደም ሥር ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ አምቡላንስ ላይደርስ ይችላል። ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ታስርና ደሙ እስኪቆም የማጥበቂያ ዘንጓን ታዞራለህ። ሰዓቱን ትጽፋለህ። ሰውየው በሕመም ይጮሃል፣ እንዳትፈታው። ጥይትም ይምታህ የመስኮት መስታወት ይቁረጥህ ሥራው አንድ ነው። ይሄን ስንቴ ተለማመድክ?

ተኳሹ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ በሕይወት መቆየት አለበት እኮ! ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ በ1983 የጻፈውን አንብቢ። ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ያው 7 ያርድ ማለት ነው፣ በ1.5 ሰከንድ ገደማ ሮጦ ይደርስብሻል። ሦስት ተኩል ሰከንድ ገና ብዙ ነው። እሁዱን አትንኩበት።

ታክሲ ነጂው፦ ልጄ፣ እሱኑ ቁጥር እኮ በደንብ ካየኸው የሚነግርህ ሌላ ነገር ነው። በእጅ ፍጥነት አትቀድመውም፣ ስለዚህ ቀድመህ እየው፣ ባንኮኒው በመካከላችሁ ይሁን፣ የጓሮው በር አይቆለፍብህ። እኔ በጥር 2022 ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ ከተማ አጠገብ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ በረዶ ይዞኝ አድሬያለሁ፣ ከ24 ሰዓት በላይ የቆዩም ነበሩ። መኪናዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃ እንኳ አልነበረም። ከኋላዬ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ የምሰጠው ነገር የለኝም። ዛሬ ብርድ ልብስ፣ ውሃና ቆሎ ከመኪናዬ አይጠፉም።

ተኳሹ፦ ጋሼ፣ በረዶና ዘራፊ ምን አገናኛቸው?

ነርሷ፦ ሁለቱም ሳታስበው ነው የሚመጡት። ባለሱቁ፣ አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳትቀየመኝ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ቤትህ ስትገባ ሽጉጡ የት ነው የሚያድረው? ልጆች አሉህ?

ባለሱቁ፦ ሁለት አሉኝ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው የማስቀምጠው። እውነት ለመናገር ትልቁ አሁን ይደርስበታል። የሚቆለፍ ሳጥን ነገ እገዛለሁ። እሁዱን ግን አልተውም፣ በወር አንዱን ለእርዳታ ሥልጠና እሰጣለሁ። ቱርኒኬቱን ካዝናው ሥር ላድርገው?

ነርሷ፦ ቀኝ እጅህ ቢመታ በግራህ የምትደርስበት ቦታ አድርገው።