ላፕቶፕን እንደ ፊልድ ሞኒተር፦ ለጉባኤው የምናቀርበው ዕቅድ

አስተባባሪ፦ ለጉባኤው የሚቀርበውን እዚሁ እንጨርስ። ሐሳቤ አጭር ነው፤ ለየቡድኑ ፊልድ ሞኒተር (ቀረጻ ላይ የካሜራውን ምስል የምናይበት ስክሪን) መግዛት ትተን ያለንን ላፕቶፕ እንጠቀም። የሚገዛው ካፕቸር ካርድ (የካሜራውን ምስል ተቀብሎ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ መሣሪያ) እና ገመድ ብቻ ይሆናል። ቅር ያለው አሁን ይናገር፣ ስብሰባ ላይ እንዳንነታረክ።

ካሜራ ክፍል፦ ካፕቸር ካርዱ ግዴታ መሆኑ ይሰመርበት። የካሜራውን ኤችዲኤምአይ በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ምስል የሚጠብቅ አባል አሁንም አለ። አይመጣለትም፤ ላፕቶፕ ላይ ያለው ቀዳዳ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ምስል ማውጫ እንጂ መቀበያ አይደለም። ካርዱም ዩኤስቢ 3.0 ይሁን። ዩኤስቢ 2.0 ቢበዛ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው የሚያሳልፈው፣ ያልተጨመቀ 1080 ምስል ደግሞ በ30 ፍሬም እንኳ ወደ 1 ጊጋቢት ይጠጋል፣ ስለዚህ ርካሹ ካርድ ጨምቆ ነው የሚያመጣው፣ ጨለማው ቦታ ላይ ሳጥን ሳጥን ሲሠራ ታዩታላችሁ።

ፎከስ ፑለር፦ እኔ በላፕቶፕ ፎከስ አልይዝም፣ ከወዲሁ ይታወቅ! ምስሉ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መዘግየቷ ትንሽ ብትሆንም ተዋናዩ ከተራመደ በኋላ ነው የማየው። ካሜራው ላይ የሚገጠም አንድ ትንሽ ሞኒተር ለየቡድኑ ይቅርልን።

አስተባባሪ፦ ልክ ነህ። «በሞኒተር ፋንታ» የሚለውን አውጥቼ «ለዳይሬክተሩና ለደንበኛው ሁለተኛ ሞኒተር» ብዬዋለሁ።

ኤዲተር፦ አሁን ደገፍኩ። ምስሉን ላፕቶፑ ላይ የሚያሳየን ሶፍትዌር፣ ኦቢኤስ ስቱዲዮ፣ ነፃ ነው፤ ፕለጊን ሲጨመርበት ዌቭፎርምም (የምስሉን የብርሃን መጠን የሚያሳይ ግራፍ) ያሳያል። ኤክስፖዠር (የቀረጻው የብርሃን መጠን) በእሱ ይለካ፣ በስክሪኑ ድምቀት ማንም እንዳይፈርድ፤ አንዱ ሰው ብራይትነሱን ከፍ ያደርግና ቀረጻው በደንብ የበራ ይመስለዋል። ሌላው ጣጣ ፉል ሬንጅና ሊሚትድ ሬንጅ ነው፤ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው በቁጥር የሚጻፍባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ካርዱና ሶፍትዌሩ እዚህ ላይ ካልተስማሙ ጥቁሩ ይገረጣል ወይም ዝርዝሩ ጠፍቶ ይሰምጣል፣ ካሜራው ግን ምንም አልሆነም፣ እናንተ ላይት ስትነካኩ ትውላላችሁ። ከቀረጻ በፊት ከካሜራው ከለር ባር (የታወቁ ቀለሞች ያሉት መሞከሪያ ምስል) ተልኮ ይታይ። ይህችን በሕግ አስገቧት።

ካሜራ ክፍል፦ ክሊን ኤችዲኤምአይም ይጨመር፣ አለበለዚያ የሜኑው ጽሑፍ ሁሉ ምስሉ ላይ ተደርድሮ ይመጣል። ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ላላቸው ካሜራዎች ደግሞ የገመድ መያዣ ይገዛ። አንድ ሰው ገመዱን ከረገጠው ሶኬቱ አለቀለት።

ረዳት፦ ላፕቶፑ ላይ ለምን አንቀርጽም ታዲያ?

ኤዲተር፦ ለፈጣን እይታ ቅረጽ። ኦሪጅናሉ ካሜራው ሚሞሪ ላይ ነው፣ በዚህ ድርድር የለም።

ላይት ክፍል፦ ውጭ ስንቀርጽስ? ብዙው ላፕቶፕ ከ250 እስከ 400 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ቢሆን ነው፣ ለፀሐይ የተሠሩት ሞኒተሮች ከ1000 ይጀምራሉ። ስክሪኑ መስታወት ሆኖ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት።

አስተባባሪ፦ ጥቁር መከለያ በጀቱ ውስጥ ገብቷል። ለቀትር ቀረጻ ግን ላፕቶፑ አይቆጠርም ብዬ ጽፌያለሁ። የቀረው ካርዱን በየካሜራችን መሞከር ነው፤ ካሜራ ክፍልና ኤዲተር ውጤቱን እዚህ ጻፉልን፣ ግዢው ከዚያ በኋላ ይሞላል።