የአሜሪካ ወታደር ለምርመራ ሲጠራ ዝም ማለት ይችላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነው። መርማሪዎች “ና ትንሽ እናውራ” ብለውታል፤ እሱ ደግሞ ዝም ካልኩ ጥፋተኛ እመስላለሁ ብሎ ሄዶ ሁሉንም ሊዘረግፍ ነው። ወታደር እንደ ሲቪል ዝም የማለት መብት አለው እንዴ?

መልስ 1፦ አለው እንጂ! የወታደራዊ ፍትሕ ሕጉ አንቀጽ 31 ከ1951 ጀምሮ ይሠራል። ለሲቪሉ፣ ፖሊስ ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለት መብትህን ይንገርህ ያለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚራንዳ ውሳኔ የመጣው በ1966 ነው። ያውም ሚራንዳ በቁጥጥር ሥር ላለ ሰው ሲሆን፣ አንቀጽ 31 ግን ያልታሰረ ተጠርጣሪም ከመጠየቁ በፊት በምን እንደተጠረጠረ እንዲነገረው ያዛል። ችግሩ ወታደር አለቃ ሲጠይቀው መመለስ ለምዷል። መብቴን ትቻለሁ የሚል ፎርም ከፊቱ ሲያስቀምጡለት ሳያነብ ይፈርማል። “ጠበቃ እፈልጋለሁ” ይበል፣ ከዚያ አፉን ይያዝ። የጦሩ ተከላካይ ጠበቃ በነፃ ነው።

መልስ 2፦ እኔን የሚያበግነኝ ችሎቱ ነው። በሲቪል ከባድ ወንጀል ጁሪው (ፍርዱን የሚሰጡት ተራ ዜጎች) በሙሉ ካልተስማማ አይፈረድብህም። ከባድ ወንጀል በሚያየው ጠቅላላ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ግን፣ ከሞት ቅጣት በቀር፣ እንደ ጁሪ ከሚቀመጡት 8 አባላት 6ቱ ይበቃሉ። አባላቱንም የሚመድበው አዛዡ ነው! ይሄ ፍትሕ ነው?

መልስ 3፦ ጦር ሜዳ ላይ ዲሲፕሊን ያስፈልጋላ።

መልስ 2፦ ያስፈልጋል፣ ማን አያስፈልግም አለ? ዲሲፕሊን ያለ በቂ ማስረጃ እስር ቤት መክተት ነው እንዴ?

ጠያቂው፦ ተባረኩ፣ ደውዬ ነግሬዋለሁ። በአንቀጽ 15 አዛዡ ራሱ ያለ ፍርድ ቤት ልቅጣህ ቢለውስ?

መልስ 1፦ መርከብ ላይ ካልተመደበ እምቢ ብሎ ፍርድ ቤት ይቅረብልኝ ማለት ይችላል። ግን እዚያ ከተፈረደበት የወንጀል ሪከርድ ሊሆንበት ይችላል፣ ስለዚህ ጠበቃውን ሳያማክር እንዳይወስን።