ልቦለድ ጀምሬ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆሜያለሁ፤ ከየት ልቀጥል?

ጠያቂዋ፦ ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። የጀመርኩት ልቦለድ ምዕራፍ ሦስት ካለቀ በኋላ ቆሟል። ልጽፍ ስቀመጥ ወይ ምዕራፍ አንድን እንደገና ሳስተካክል፣ ወይ ስለ ዓሣ አጥማጆች መረብ ሳነብ ይመሻል፤ ካልሆነም መብራት ይጠፋና ለነገ አሳድረዋለሁ። ጊዜ የለኝም ማለት አልችልም፤ ማታ ማታ አንድ ሰዓት አላጣም። «በርቺ» ከምትሉኝ ምን ሠርቼ ወደ ምን እንደምሄድ ብትነግሩኝ ይሻለኛል።

አርታዒው፦ እህቴ፣ የጻፍሻቸው ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ በአንድ መድኃኒት አይድኑም። የመብራቱን ለሌሎች እተወዋለሁ።

ምዕራፍ አንድን መደጋገም ሥራ ስለሚመስል ነው አደገኛ የሚሆነው። መጨረሻው ያልታወቀ መጽሐፍ መግቢያው መቀየሩ አይቀርም፤ ስለዚህ አሁን የምታስውቢው ገጽ በኋላ ሊጣል ይችላል። ያለቁትን ሦስት ምዕራፎች በአንድ ፋይል ዘግተሽ አስቀምጪና ለምዕራፍ አራት አዲስ ባዶ ፋይል ክፈቺ። ከጎንሽ አንድ ትንሽ ደብተር ይኑር። «የእናቷ ዕድሜ አይገጥምም»፣ «ጎረቤትየው ቀድሞ ይምጣ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ እዚያ ላይ በአንድ መስመር ይሰፍራል እንጂ የድሮው ፋይል አይከፈትም። ልትጽፊ ስትቀመጪ ወደ ኋላ ተመልሰሽ የምታነቢው የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፍሽ እርማት ትጀምሪያለሽ፤ ሰዓቱም በዚያው ያልቃል።

መረቡን በተመለከተ፣ የማታውቂው ነገር ሲያጋጥምሽ «ቀቀቀ» ብለሽ ጽፈሽ እለፊው። «መረቡን ከቀቀቀ ጋር አሰረው» ማለት ለጊዜው በቂ ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ፊደል ተደጋግሞ ስለማይመጣ በኋላ በፍለጋ አንድ በአንድ ታገኚያቸዋለሽ። አሥር ያህል ሲጠራቀሙ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ሲገባ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄደሽ ሁሉንም ባንዴ ጠይቂ። ከዚያ በፊት የዓሣ ሾርባ ካላማረሽ በቀር መሄጃሽ ገና ነው።

ባለ ደብተር፦ መብራት ሰበብ የሚሆነው ረቂቁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሲኖር ነው። ረቂቁን በእጅ ጻፊው፤ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ካለሽ መጥፋቱ ምንም አይጎዳሽም። በወረቀቱ በአንድ በኩል ብቻ፣ አንድ መስመር እየዘለልሽ ጻፊ። የተዘለለው መስመርና የጀርባው ገጽ በኋላ ለእርማት ይሆናል።

የቃሉን ብዛት ለማወቅ በራስሽ እጅ ጽሑፍ የ10 መስመር ቃል ቁጠሪና ለ10 አካፍዪ፣ ያገኘሽውን በገጹ የመስመር ብዛት አባዢ። በመስመር 8 ቃል፣ በገጽ 12 የተጻፈ መስመር ካለ 96 ቃል ነው።

ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ ሌላ ሥራ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለብቻው። በመጻፊያ ሰዓት ከገባ ቦታውን ይበላዋል። መተየብ የሚያታክትሽ ከሆነ የጉግል የድምፅ መጻፊያ አማርኛ ይቀበላል። ደብተርሽን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ ሥርዓተ ነጥቡንና የተሳሳቱ ቃላትን ግን በእጅ ማረም አይቀርልሽም።

የታቦር ልጅ፦ እኔ የምመክረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ መጻፍ ነው። ከተማው ፀጥ ያለ ነው፣ ስልክ የሚደውል የለም፣ ሙቀትም የለም።

አርታዒው፦ ለሚመቸው ጥሩ ነው። እሷ ግን ጠዋት ክፍል የምትገባ አስተማሪ ናት። ማታ ያላትን ሰዓት ትታ አዲስ የእንቅልፍ ልማድ ከጀመረች የሚያቅታት ነገር ሁለት ይሆናል፤ መነሳቱም መጻፉም።

ይልቅ ያለውን ሰዓት ከአንድ ቋሚ ድርጊት ጋር ማሰር ይሻላል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው ይህንኑ ነው፦ «እጽፋለሁ» ከማለት ይልቅ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ይላል። ላንቺ «የእራቱ ሰሃን ሲነሳ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን እከፍታለሁ» ሊሆን ይችላል። «ከእራት በኋላ» ብቻ አይበቃም፤ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥንም አለ፣ ጎረቤትም አለ።

ቆጣሪው፦ ስለ ቃል ብዛት አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝኛው ዓለም የታወቀውና በ2025 እ.ኤ.አ. የተዘጋው ናኖራይሞ የተባለው የልቦለድ መጻፊያ ውድድር በ30 ቀን 50,000 ቃል ያስጽፍ ነበር፤ በቀን 1,667 ገደማ ማለት ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት አይሠራም። የኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም በአንድ ቃል ይሸከማል፤ ያው ታሪክ በአማርኛ በጥቂት ቃል ያልቃል። በዚያ ላይ አንቺ ሥራ አለሽ። በቀን 250 ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን ብለሽ ጀምሪ። በሳምንት 1,250 ይሆናል፤ 40,000 ቃል ያለው ረቂቅ በ32 ሳምንት ያልቃል። ሁለቱ ባዶ ቀናት ለእንግዳ፣ ለለቅሶና ለፈተና እርማት መሸፈኛ ናቸው። አንድ ቀን ካመለጠሽ በማግስቱ 500 ለመጻፍ አትሞክሪ፤ ዕዳው ሲከመር ነው ሰው ደብተሩን መሸሽ የሚጀምረው።

25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚለውን የፖሞዶሮ ዘዴም ብዙ ሰው ያነሳዋል። ለፈተና እርማት ተስማሚ ነው። ለልቦለድ ግን ያጥራል፤ ታሪኩ ውስጥ ለመግባት ብቻ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። 40 ደቂቃ አድርጊው፣ ስልኩም ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ አርታዒው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ምዕራፍ አንድን ብዘጋውም ምዕራፍ አራት ላይ የምጽፈው የለኝም። ልጅቷ አጎቷን ፍለጋ አሞራ ገደል ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭልም ብሎብኛል።

አርታዒው፦ ዋናው ችግርሽ ይኸው ነው፤ መረቡም መብራቱም መሸሺያ ነበሩ። ያልተወሰነ ትዕይንት ፊት የተቀመጠ ሰው እጁ አይታዘዝለትም። መወሰንና መጻፍን በአንድ ሰዓት አትቀላቅዪ። ለመወሰን 15 ደቂቃ፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ ከመጻፍሽ በፊት ባለው ቀን።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል። አንደኛ፣ ልጅቷ ምን ፈልጋ ነው የመጣችው? «አጎቷን ማግኘት» አይበቃም፤ ካገኘችው ያልቃል። «የሟች አባቷን የጀልባ ድርሻ እንዲሰጣት» ብንል ግን የሚያነጋግር ነገር አለ። ሁለተኛ፣ ማን ይከለክላታል? አጎትየው ጀልባዋን ሸጧል፣ ደፍሮ ግን አይነግራትም፤ ስለዚህ ዓሣ ያበላታል፣ ስለ ትምህርቷ ይጠይቃታል፣ ወሬ ይቀይራል። ሦስተኛ፣ ሲያልቅ ምን ተቀየረ? የአባቷን ጀልባ ሌላ ሰው ገፍቶ ወደ ሐይቁ ሲያስገባ ታያለች። እንግዲህ ምዕራፍ አምስት ከማን ጋር እንደሚጀምር ታውቋል ማለት ነው፤ ከገዢው ጋር።

መክፈቻሽንም ዘግይተሽ ጀምሪ። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዛ ስትሄድ መንገዱን ሁሉ አትግለጪ፤ ብዙ ጀማሪ እዚያ ጉዞ ላይ ነው የሚደክመው። አጎቷ ዓሣ ሲበልት ፊቱ ቆማ ይጀምር።

ባለ ደብተር፦ ስታቆሚም ትዕይንቱ ሲያልቅ አታቁሚ። አጎትየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት አቁሚና የሚለውን በሁለት ቃል ኅዳጉ ላይ አስፍሪ። በማግስቱ ባዶ ገጽ አይጠብቅሽም።

ቆጣሪው፦ ይህን ሁሉ አድርገሽ በአንድ ትዕይንት ላይ ሁለት ምሽት ካለፈ፣ «እዚህ ላይ ይጣላሉ» የሚል አንድ መስመርና ቀቀቀ አስቀምጠሽ ወደሚቀጥለው ዝለዪ። የዘለልሽው ገጽ ከ250ው አይቆጠርም።