እርዱኝ፣ ታንኳዋ ስልክ ላይ ትከንፋለች! ነገ ጠዋት ማሳየት አለብኝ

ጣና ዳር (ማታ 2፡10)
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ጌሜ ነው። በታንኳ ከባሕር ዳር ተነስቶ ደሴቶቹን መዞር ነው፤ እምቦጭ ወይ ጉማሬ ከነካህ አለቀልህ። ላፕቶፔ ላይ ቆንጆ ሆኖ ይሄዳል። አሁን የወንድሜ ስልክ ላይ ብጭነው ታንኳዋ እንደ ጀት ትከንፋለች። ጣቴን ገና ከማሳረፌ ማዶ ደርሳለች። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን? ነገ 3 ሰዓት ላይ ለሰፈር ልጆች አሳያለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪዬ 40 ፐርሰንት ላይ ነው። በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ፋሲሎ (2፡16)
ወንድሜ፣ በየትኛው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ሠራኸው? በዩኒቲ ነው በጎዶት? ታንኳዋን የሚያንቀሳቅሰው ኮድስ? ይሄን ሳትነግረን ምን ብለን እንርዳህ?

ጣና ዳር (2፡18)
እህትህ ነኝ። ጎዶት 4 ነው። ፕሮሰስ ውስጥ (በየፍሬሙ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ አዲስ ሥዕል በተሳለ ቁጥር የሚሠራው ኮድ)፣ ጣት ስክሪኑን ከነካ ፖዚሽን ኤክስ (የታንኳዋ የአግድም ቦታ) ላይ 5 ይደምራል። በቃ ይኸው ነው።

ቡና ዘጌ (2፡21)
ፕሮጀክት ሴቲንግ ግቢና ማክስ ኤፍፒኤስን (በሰከንድ የሚሳሉት ፍሬሞች ጣሪያ) 60 አድርጊው። አለቀ።

መምህሩ (2፡29)
እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ ችግሩ ከኮዱ በፊት ነው የጀመረው። «ደሴቶቹን መዞር» ስትዪ ስንቱን ነው? ጣና ላይ 37 ደሴት አለ ይባላል። ለመጀመሪያ ጌም አንዱ ይበቃል። እኔ የመጀመሪያዬን ስጀምር የጎንደርን ነገሥታት በሙሉ ላስገባ ብዬ ሁለት ዓመት ለፋሁ። አንድ ሰው እንኳ ሳይጫወተው ቀረ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ ወረቀት ውሰጂ። ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ምን ይገጥመዋል? መቼ ያልቃል? እነዚህን ሦስቱን ጻፊ። ከከተማው እስከ ደብረ ማርያም ደሴት አንድ ጉዞ ብቻ ሥሪ። ሥዕሉ ይቆይሽ። ታንኳዋ ቢጫ ሳጥን፣ እምቦጩ አረንጓዴ ሳጥን ይሁን። በሳጥን ካላዝናና በሥዕልም አያዝናናም።

ጣና ዳር (2፡31)
ጋሼ፣ ምክርዎን ወስጃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ነገ ጠዋት ነው የማሳየው!

ፔዳ ግቢ (2፡37)
ስልኩ ምንም አልሆነም። የወንድምሽ ስክሪን 120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ) ይመስለኛል፤ ዲስፕሌይ ሴቲንጉ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ላፕቶፕሽ በሰከንድ 60 ፍሬም ይስላል። በየፍሬሙ 5 ሲደመር በሰከንድ 300 ፒክስል ሄደች ማለት ነው። ስልኩ ግን 120 ጊዜ ይስላል፣ ስለዚህ 600 ፒክስል ትሄዳለች። ፕሮሰስ ራሱ ዴልታ የሚባል ቁጥር ይሰጥሻል። ካለፈው ፍሬም ወዲህ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ የሚነግርሽ እሱ ነው። 5ቱን በዴልታ አባዢው፤ ያኔ ፍጥነቱ በፍሬም ሳይሆን በሰከንድ ይቆጠራል።

ጣና ዳር (2፡44)
አባዛሁት። አሁን ደግሞ ጭራሽ ቆመች!! ወይ ጉድ። ባትሪ 31።

የወደቡ ልጅ (2፡46)
ሃሃ፣ እምቦጭ ይዟት ነዋ! ቁጥሩን ቀይሪው እንጂ። 5 ማለት እኮ አሁን በሰከንድ 5 ፒክስል ነው። 300 አድርጊው።

ቡና ዘጌ (2፡47)
እኔ እኮ ከመጀመሪያው ማክስ ኤፍፒኤስ 60 ብያለሁ።

ፔዳ ግቢ (2፡52)
ዘጌ፣ እሱ ፈጣኑን ስልክ ያስተካክላል። 30 ፍሬም ብቻ የሚችል አሮጌ ስልክ ላይስ? ታንኳዋ በግማሽ ፍጥነት ትንፏቀቃለች። የሰፈር ልጅ እጅ ላይ ያለው ደግሞ አሮጌው ስልክ ነው። ይልቅ ለመፈተሻ ይጠቅማል። ላፕቶፕሽ ላይ 30 አድርጊና ከዳር እስከ ዳር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት በሰዓት ለኪ። ከዚያ 60 አድርገሽ ድገሚው። እኩል ከመጣ ድነሻል።

ከፖሊ (2፡55)
ባትሪሽ ሊያልቅ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ መቀየርም ይበቃ ነበር። ኮዱን ከፕሮሰስ ወደ ፊዚክስ ፕሮሰስ አዛውሪው። እሱ ሌላ ካላልሽው በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ስክሪኑ ምንም ይሁን ምን። ወደፊት ሙቭ አንድ ስላይድ የሚባለውን የጎዶት ማንቀሳቀሻ ከተጠቀምሽ ደግሞ ፍጥነቱን በዴልታ እንዳታባዢ። እሱ ራሱ ያባዛዋል።

ጣና ዳር (3፡08)
300 ሠራ!!! ተባረኩ። ስልኩም ላፕቶፑም እኩል ሆኑ። ግን ስልኩ ላይ እምቦጩ በዛብኝ፣ ማለፊያ የለም።

ፋሲሎ (3፡10)
እምቦጩ የሚወጣው በምን ቆጠራ ነው?

ጣና ዳር (3፡11)
90 ፍሬም ሲሞላ አንድ ይወጣል።

ፋሲሎ (3፡14)
ያው በሽታ ነው። 90 ፍሬም ላፕቶፕሽ ላይ 1.5 ሰከንድ ነው፣ ስልኩ ላይ 0.75። ቆጠራውን አጥፊና ታይመር ኖድ (በሰከንድ የሚቆጥር የጎዶት ክፍል) ጨምሪ። 1.5 ብለሽ ራሱ እንዲጀምር አውቶስታርቱን አብሪው፤ ታይምአውት ባለ ቁጥር (ጊዜው በሞላ ቁጥር) አንድ እምቦጭ ይውጣ። ከመንካትሽ በፊት ግን የፕሮጀክቱን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጪው። ላፕቶፑ ሴቭ እያደረግሽ ቢጠፋብሽ ሌሊቱን ታለቅሻለሽ።

ዓሣ አጥማጅ (3፡20)
ልጄ፣ ኮዱን አላውቅም። ታንኳን ግን አውቃለሁ። ታንኳ ቀኑን ሙሉ እኩል አትሄድም። ደንገሉ ውኃ ይጠጣል። ጠዋት ቀላል የነበረችው ከሰዓት ትከብዳለች፣ ቀዛፊውም ይደክመዋል። ለዚህ ነው ዳር አውጥተን ፀሐይ ላይ የምናቆማት። አንቺ እንደ ሞተር ጀልባ ነው የሠራሻት።

ጣና ዳር (3፡26)
አባባ፣ ይሄን እንዴት አላሰብኩትም! ውኃ በጠጣች ቁጥር 300ው ቀስ በቀስ ይቀንስ፣ ደሴት ላይ ወጥታ ስትደርቅ ይመለስላት። አንድ ደሴትም በቂ የሚሆነው ያኔ ነው። ዛሬ ግን አልነካውም፣ ባትሪ 12። ታይመሩን ጨምሬ ልተኛ ነው።

መምህሩ (3፡31)
ጎሽ! ነገ ልጆቹ ሲጫወቱ አጠገባቸው ዝም ብለሽ ቁሚ። «በዚህ በኩል ነካ አድርገው» እንዳትዪ። የት ላይ ግራ እንደሚገባቸው ወረቀት ላይ ጻፊው።

ፋሲሎ (በማግስቱ፣ ቀን 6፡30)
እህቴ፣ ታይመሩ ሠራ? ልጆቹስ ምን አሉ?

ዓሣ አጥማጅ (ማታ 1፡15)
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ታንኳዋን ማድረቂያ ቦታ ከሠራሽላት ንገሪኝ።