የወፎቹን እህል የምትጨርስብኝን ስኩዊረል ሳልጎዳት እንዴት ላርቃት?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እናቴ ከጎንደር መጥታ እኔ ጋ ናት። ብርዱ ስለማይስማማት ቀኑን የምታሳልፈው ኩሽና መስኮት ስር ቁጭ ብላ ነው፤ እና እሷን ብዬ ጓሮ ዛፉ ላይ የወፍ መመገቢያ ሰቀልኩ። ያቺ ካርዲናል የሚሏት ቀይ ወፍ ስትመጣ ስኒዋን አስቀምጣ ነው የምታያት።

ችግሩ ስኩዊረሎቹ ናቸው (ብዙዎቻችን ሽኮኮ የምንላቸው)። ጠዋት የሞላሁት የፈረንጅ ሱፍ ለምሳ አይደርስም። አንዷ በኋላ እግሮቿ ቅርንጫፉን ይዛ ቁልቁል ትንጠለጠልና በፊት እጆቿ እየዛቀች ግማሹን ትበላለች፣ ግማሹን መሬት ላይ ትበትነዋለች። «ስኩዊረል አይደፍረውም» ተብሎ የተሸጠልኝንም የፕላስቲክ መመገቢያ በሁለት ቀን ክዳኑን ቆርጥማ ከፈተችው።

ጎረቤቴ በወጥመድ ይዘሽ ሩቅ ጫካ ልቀቂያት ይለኛል። ባለቤቴ ብረት ትከዪና ግራሶ ቀቢው ይላል። እናቴ ደግሞ ሚጥሚጣ ነስንሺበት ትላለች። እኔ ግን እሷም የእግዜር ፍጥረት ናት፣ ርቧት ነው የምትመጣው፣ እንድትጎዳ በፍጹም አልፈልግም። የሞከራችሁት ነገር ካለ እባካችሁ።

ባለ ጓሮው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ከዛፉ አውርጂው። ዛፍ ላይ እስካለ ድረስ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው። ስኩዊረል ከመሬት ወደ ላይ ከ1 ሜትር በላይ ትዘላለች፣ ወደ ጎን ደግሞ እስከ 3 ሜትር ገደማ። ስለዚህ የብረት ምሰሶ ትከዪ፤ ከዛፍ፣ ከአጥር፣ ከጣሪያ፣ ከሁሉም ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የበረንዳ ወንበር እንኳን አጠገቡ አትተዪ።

ከዚያ ምሰሶው ላይ መከለያ ያስፈልጋል። እኔ የሠራሁት ከማሞቂያ አየር ማስተላለፊያ ቆርቆሮ ቱቦ ነው፦ ስፋቱ 20 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ያህል። የላይኛውን አፉን ደፍኜ፣ ለምሰሶው ብቻ ቀዳዳ ትቼ አጠለቅኩት። የመከለያው አናት ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል። ስኩዊረሏ ምሰሶውን ይዛ ትወጣና ቱቦው ውስጥ ትገባለች፣ አናቱ ዝግ ነው፣ ተመልሳ ትወርዳለች። በውጪ በኩል እንዳትይዘው ደግሞ ቆርቆሮው ያንሸራትታታል። ምንም አትጎዳም። እኔ ጋ ይኸው አራተኛ ክረምቱ ነው፣ አንድም ቀን አላለፈችውም።

ርኅሩኅ፦
ግራሶውን እባክሽ እንዳታደርጊው። ጸጉሯ ላይ ይጣበቅና ብርድ መከላከል ያቅታታል፣ ስትልሰው ደግሞ ሆዷ ይገባል። ወፍ ከነካችውም ላባዋ ይያያዛል። ቫዝሊንም ዘይትም ያው ነው።

ወጥመዱንም ተዪው። ቨርጂኒያ ውስጥ የዱር እንስሳ ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርስ? በማታውቀው ጫካ፣ ያከማቸችው ምግብ ሳይኖራት፣ በዚህ ብርድ ወዴት ትሂድ? በክረምቱ መጨረሻ ደግሞ ይወልዳሉ። እናትየዋን ወሰድሽ ማለት ጎጆ ውስጥ ያሉት ልጆቿ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አለቁ ማለት ነው።

የሸዋ እናት፦
ልጄ፣ እናትሽ ስለ ሚጥሚጣው አልተሳሳቱም፤ ወፍ የበርበሬ ማቃጠል አይሰማትም። ዱር ያለውን በርበሬ እየበላች ዘሩን የምትበትነው እኮ ወፍ ናት። ግን ዱቄቱን ነፋስ ያነሳዋል፣ የስኩዊረሏም ያንቺም ዓይን ውስጥ ይገባል። ከፈለግሽ በሚያቃጥል ዘይት የታሸ እህል ተዘጋጅቶ ይሸጣል።

እኔ ግን የምመክርሽ እህሉን ቀይሪ ነው። የፈረንጅ ሱፉን ትተሽ የእኛን ሱፍ ስጪ፣ ያንን ለጾም ፍትፍት የምናደርገውን ነጩን። እዚህ «ሳፍላወር» ይሉታል። ካርዲናል ትወደዋለች፣ ስኩዊረል ግን ስለሚመራት አብዛኛውን ጊዜ ትታው ትሄዳለች። ሌላው ኑግ ነው! ከረጢቱ ላይ «ናይጀር» ተብሎ የተጻፈው ያው የእኛ ኑግ ነው፤ በሳይንስ ስሙ እንኳን «አቢሲኒካ» አለበት። ወደዚህ ሲገባ እንዳይበቅል በሙቀት ያልፋል። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የራሱ መመገቢያ አለው፣ ጎልድፊንች የሚሏት ትንሽ ቢጫ ወፍ ትወደዋለች።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቅዳሜ ምሰሶውን ተከልን፣ ቱቦውን ባለቤቴ ቆረጠው። ስኩዊረሏ እሁድ ጠዋት ሦስቴ ወጣች፣ ሦስቴ ጭራዋ ብቻ ከቱቦው ስር ሲወዛወዝ አየናት፣ ከዚያ ወርዳ ከስር የረገፈውን መልቀም ጀመረች። እሱን ትብላ። ኑጉን ለእናቴ ሳሳያት በመዳፏ አሸት አድርጋ አሸተተችውና «ይኼ ከቤት የመጣ ነው እንዴ?» አለችኝ። እስካሁን ለወፍ ነው ስላት አላመነችኝም። ቢጫዋ ወፍ ግን አልመጣችም። ምን አጠፋሁ?

የሸዋ እናት፦
ምንም። በክረምት ቢጫ አትሆንም፣ ላባዋን ቀይራ ቡናማ ትሆናለች። ድንቢጥ መስላችሁ ያለፋችኋት ካለች ክንፏን እዩት፤ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ካለበት እሷ ናት።