ነፍስ በሥዕል ይረጋገጣል? ስለ ኢሺጉሮ ልብ ወለድ አንድ ጥያቄ

የአራት ኪሎ አንባቢ
እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውን የካዙኦ ኢሺጉሮን «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ ሰሞኑን ጨረስኩ። የሰውነት ክፍላቸው ለሌሎች ሕሙማን እንዲወሰድ ተብሎ በክሎኒንግ፣ ማለትም ከሌላ ሰው ሴል ተቀድተው፣ ስለተፈጠሩ ልጆች ነው። አሳዳጊዎቻቸው ሥዕላቸውን ይሰበስቡ የነበረው ነፍስ እንዳላቸው ለውጭው ዓለም ለማስረዳት መሆኑ መጨረሻ ላይ ይገለጣል። ሥዕል የማይሆንለትስ? ቶሚ በሥዕሉ ሲቀለድበት ያደገ ልጅ ነው። ደራሲው ማስረጃውን እንድንቀበል ነው ወይስ ማስረጃ መጠየቁን ራሱን እንድንታዘብ የፈለገው?

መምህር
የሥነ ሕይወት መምህር ስለሆንኩ በዚያ በኩል ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተወለደችው በግ ዶሊ የተገኘችው ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ የጡት ሴል የተወሰደ ኒውክሊየስ (የዘር መረጃውን የያዘው የሴሉ አስኳል)፣ የራሱ ኒውክሊየስ በወጣለት የሌላ በግ እንቁላል ውስጥ ገብቶ ነው። እንግዲህ ክሎን ማለት ዘግይቶ የተወለደ መንታ ነው፤ መንቶችን ደግሞ «ነፍስ አላችሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔን ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ቁጥሩ ነው፤ ከ277 ሙከራ የተሳካው አንዱ ብቻ ነበር። በሰው ላይ ቢሆን የቀሩትን 276 ምን ብለን እንጠራቸዋለን?

የፒያሳ ልጅ
መምህር፣ ጥሩ ብለዋል፤ እኔን ግን የያዘኝ የተራኪዋ ስም ነው። ካቲ ኤች. ትባላለች፤ ከስሟ ቀጥሎ አንድ ፊደል ብቻ። እኛ ወረዳ ሄደን ቅጽ ስንሞላ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን ነው፤ ካቲ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ይዛ መቅረቷ ነው። በእርስዎ አነጋገር ከሄድን አባቷ የተቀዳችበት ሰው አባት ነው፤ እርሱ ግን መወለዷን እንኳ አያውቅም። ደግሞም አማርኛችን አካልንም ሰው መሆንንም «ሰውነት» ይላል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ዓለም የመጀመሪያውን ትርጉም ወስዶ ሁለተኛውን በሥዕል አስመስክሩ ይላል፤ ስለዚህ ደራሲው የሚታዘበው ጠያቂዎቹን ነው ባይ ነኝ።

የአራት ኪሎ አንባቢ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቶሚ የአካል ልገሳው እንዲዘገይለት ለመጠየቅ ሥዕሎቹን ይዞ ሄዶ ያለ ተስፋ ሲመለስ፣ በሌሊት ከመኪና ወርዶ ሜዳ ላይ የሚጮህበትን ክፍል ደግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ንዴት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ከሥዕሎቹ ሁሉ ይልቅ የሚመሰክርለት ያ ጩኸት መስሎ ታየኝ። ታዲያ ካቲስ ለምን አልጮኸችም?